ኪሎው ኪሎ እንዲሆን፦ የወር አስቤዛን በጅማ ገበያ ሳይታለሉ ለመግዛት

«ኪሎው ለምን አይሞላም?» ብዙ ዓመት መጋዘን ውስጥ ስመዝን ስለኖርኩ ይህን ጥያቄ ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ የእድራችን ሰው ይጠይቀኛል። በቅርቡ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘንቢላቸውን አስይዘውኝ «እስቲ ይህ አምስት ኪሎ ይሆናል?» አሉኝ። በእጅ ገምቶ መመለስ ስለሰለቸኝ ሥራውን ደመወዝ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ዕቃው ጓዳ እስኪገባ ድረስ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

በኪሎ 50 ግራም ሲጎድል ዓይን አያየውም። በወር 60 ኪሎ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚገዛ ቤት ግን በዚሁ ስሌት የ3 ኪሎ ዋጋ ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መንጠቆ ያለው የሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን፣ ቢያንስ 10 ኪሎ የሚያነሳ። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ዘንቢሉ ከነዕቃው ይሰቀልበታል።
- ክዳኑ ያልተከፈተ የ1 ሊትር የታሸገ ውኃ።
- ደብተርና እስክሪብቶ። እርሳስ አይሆንም፤ ይፋቃል።
- አራት ፖስታ።
- ዘንቢልና ሁለት ሦስት የጨርቅ ከረጢት። ባዶ ክብደታቸውን አስቀድመው ይመዝኑና በላያቸው ይጻፉበት።
- ትንሽ የጤፍ ወንፊት።
- ለማስላትም ለፎቶግራፍም የሚሆን ስልክ።

1. ገንዘቡን ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ይከፋፍሉ

ደመወዙ በእጅዎ በገባ ዕለት አራቱን ፖስታዎች ይሙሉ። አንደኛው ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ለእቁብና ለእድር፣ ሦስተኛው ለአስቤዛ ይሆናል። አራተኛው ላይ «ጳጉሜን» ብለው ይጻፉበት።

ጳጉሜን ለምን የራሷ ፖስታ አስፈለጋት? የወር ደመወዝተኛ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈለዋል፤ የሚበላው ግን 13 ወር ነው። አምስቷ ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስቷ፣ የምትመጣው ከእንቁጣጣሽ በግና ከልጆች ደብተር ጋር ተያይዛ ነው። በየወሩ የግማሽ ቀን ወጪዎን ብቻ ያስቀምጡ፤ በ12 ወር የስድስት ቀን ወጪ ይሞላል። ለአብነት ቤትዎ በቀን 300 ብር የሚያወጣ ከሆነ በወር 150 ብር ማለት ነው።

ገንዘቡን በስልክ ወይም በባንክ የሚይዙ ከሆነ ፖስታውን በደብተር ላይ አራት ዓምድ አድርገው ይተኩት።

2. ዝርዝሩን በብር ሳይሆን በኪሎ ይጻፉ

«የመቶ ብር ሽንኩርት» ብለው ሲጠይቁ መጠኑን ለሻጩ ፈቀዱለት ማለት ነው። ዛሬ 100 ብር ከፍለዋል፣ ባለፈው ሳምንትም 100 ብር ከፍለዋል፤ በመካከሉ ሽንኩርቱ ቢወደድም አያዩትም። «ሁለት ኪሎ» ብለው ሲጠይቁ ግን ዋጋው ራሱ ይናገራል። ከገጠር ከሚመጡ ሻጮች ጋር «ኪሎን ቶኮ ሜቃ?» (አንድ ኪሎ ስንት ነው?) ብሎ በኦሮምኛ መጀመር መግባባቱን ያቀልላል። ዋጋው በኪሎ መሆኑም ከመጀመሪያው ይለያል።

በመደብ የሚሸጥ ነገር ሲሆን፣ ማለትም ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና የመሳሰለው፣ መጀመሪያ አንድ መደብ ብቻ ይግዙና እዚያው በእጅ ሚዛንዎ ይስቀሉት። ከዚያ በኋላ የቀሩትን መደቦች በዓይን ማወዳደር ይችላሉ። ትልልቁ ከላይ፣ ትንንሹና የተጨፈለቀው ከሥር መደርደሩ የተለመደ ስለሆነ መደቡ ወደ ዘንቢልዎ ሲገለበጥ ዓይንዎን አይንቀሉ።

በዚሁ ደብተር ጊዜውንም ያቅዱ። ጤፍ አዲሱ ምርት በሚገባባቸው በታኅሣሥና በጥር ረገብ ይላል፤ በክረምት ይወደዳል። ቅቤ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚቀንስ የፋሲካውን ቅቤ በጾሙ መካከል ገዝቶ አንጥሮ ማስቀመጥ ያዋጣል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናም ሆነ ለኢድ የሚሆነውን ሽንኩርት በዋዜማው የሚገዛ ሰው የዋዜማ ዋጋ ይከፍላል።

3. የራስዎን ሚዛን ይፈትሹ

የሻጩን ሚዛን ከመጠርጠርዎ በፊት የራስዎ ትክክል መሆን አለበት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ጥቂት አሥር ግራሞች ይጨምራል። ስለዚህ ያልተከፈተው የ1 ሊትር ውኃ ሲሰቀል ሚዛኑ ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። 950 ግራም ካሳየዎት ጥፋቱ የእርስዎ ሚዛን ነው። በሁለት፣ ከዚያም በሦስት ሊትር ይድገሙት፤ አንዳንድ ሚዛን በቀላሉ ላይ ልክ ሆኖ በከባዱ ላይ ይሳሳታል። ይህን በወር አንድ ጊዜ ያድርጉ።

4. የሻጩን ሚዛን ያንብቡ

በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሚዛን ያጋጥምዎታል፤ የእያንዳንዱ አመል ይለያያል።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን። ከመመዘኑ በፊት ሁለቱም ሳህኖች ባዶ ሆነው እኩል መቆማቸውን ይዩ። ከአንደኛው ሳህን ሥር ጭቃ፣ ሰም ወይም ሳንቲም ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ጎንበስ ብሎ ማየት ነውር የለውም። ባዶውን እኩል ቆሞም ክንዱ በአንድ ወገን ረዘም ካለ ያጭበረብራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዕቃውንና የሚዛኑን ድንጋይ ቦታ ያለዋውጡ። ክንዶቹ እኩል ከሆኑ ከተለዋወጡም በኋላ ይስተካከላሉ፤ አንዱ ወደ ታች ከሄደ ክንዱ እኩል አይደለም። በእውነተኛ ብረት ፈንታ ተራ ድንጋይ ወይም አሮጌ የመኪና ዕቃ ካስቀመጡልዎ የውኃ ጠርሙስዎን በሌላኛው ሳህን ያኑሩበት። ሙግቱ እዚያው ያልቃል።

ባለ ሰዓት ሚዛን። መርፌው ከዜሮ መነሳቱን ይመልከቱ። ከፊት ለፊት ቆመው ያንብቡ፤ ከጎን ሲያዩት መርፌው ካለበት ቁጥር ወዲህ ወይም ወዲያ ይመስልዎታል። ከሁሉም በላይ መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ይጠብቁ። ዕቃው ከከፍታ ሲወረወርበት መርፌው ዘሎ ያልፍና ይመለሳል፤ ችኩል ሻጭ የሚያነሳው ልክ በዘለለበት ቅጽበት ነው። «ይረፍ» ማለት በቂ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሚዛን። ባዶውን 0 ማሳየት አለበት። ሳህን ወይም ቅርጫት ከተቀመጠበት ከዚያ በኋላ ወደ ዜሮ ይመልሱት ይበሉ፤ አለበለዚያ ቅርጫቱንም በቲማቲም ዋጋ ይገዙታል። ከእህል ከረጢት ወይም ከመደርደሪያ ጠርዝ ጋር የተነካካ ሚዛን ትክክል አያነብም፤ ነቅሎ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነው።

በጣሳ የሚሸጥ ከሆነ እጅዎን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ሥሩን ይዳስሱ። ወደ ውስጥ የተደቆሰ ሥር ያለው ጣሳ ከላይ ቢቆለልም ከታች ይጎድላል። ልኩ ቁልል ይሁን ወይስ የተላጨ፣ ከመሰፈሩ በፊት ይስማሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጎደለ ሚዛን ሁሉ ሌብነት አይደለም፤ ያረጀ የሚዛን ሞላ ብዙ ሻጮችን ራሳቸውንም ያከስራል። መጀመሪያ በለዘበ ቃል «እስቲ በዚህኛውም እንየው» ብለው የእጅ ሚዛንዎን ያውጡ። በሕዝብ መካከል «ሌባ» የተባለ ሰው ኪሎውን አይሞላልዎትም፤ ጠብ ነው የሚያመጣው።

5. በኪሎው ውስጥ ያለውን ይፈትሹ

ሚዛኑ ልክ ሆኖ የተመዘነው አሸዋና ውኃ ከሆነ ምን ፋይዳ አለው? እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

ጤፍ። ከጆንያው አፍ ብቻ አይዩ። ክንድዎን እስከ ክርንዎ አስገብተው ከመካከል ይዝገኑ፤ ከሥርም ይዩ። ኩንታል ከመግዛትዎ በፊት 1 ኪሎ ወስደው ይንፉትና ቆሻሻውን ይመዝኑ። ከ1 ኪሎ 40 ግራም አፈርና ገለባ ከወጣ ከኩንታሉ 4 ኪሎ ይወጣል ማለት ነው፤ ዋጋውን ሲከራከሩ ይህን ቁጥር ይዘው ይከራከሩ። ወፍጮ ቤት ሲወስዱ ከመፈጨቱ በፊትና በኋላ ይመዝኑ። ጥቂት ብናኝ መጉደሉ ያለ ነው። ከእርስዎ በፊት በቆሎ ተፈጭቶ ከሆነ ግን የበቆሎው ቅሪት ከጤፍዎ ጋር ስለሚወጣ ወፍጮው እስኪጸዳ ይጠብቁ።

በርበሬ። የተፈጨ ከማያውቁት ሰው አይግዙ፤ ዛላውን ገዝተው ያስፈጩ። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ በርበሬ ውኃ ይዞ ይከብዳል፤ ውኃውን በበርበሬ ዋጋ ይገዙታል። አንዱን ዛላ ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ይነቅንቁት። የደረቀ ከሆነ ፍሬው ይንኮሻኮሻል፤ ዝም ካለ እርጥብ ነው። ሁለት ሦስቱን ሰብረው ውስጣቸውን ይዩ፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለ ርካሽ ቢሆንም ይተዉት። ሻጋታ ሲታጠብና ሲቆላ የሚጠፋ መርዝ አይደለም። የተፈጨ መግዛት ግድ ከሆነብዎ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነስንሰው ይቆዩ። የጡብ ዱቄት ከሆነ ፈጥኖ ከሥር ይዘቅጣል፤ በጥርስ መካከልም ይሻክራል።

ቡና። የቡና አገር ሰው በቡና አይታለልም የሚለው አባባል ስንቱን አሞኝቷል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ሲገዙ ገለፈቱ ተወግዶ የሚቀረው ንጹሕ ፍሬ በግምት ግማሹ ነው፤ ስለዚህ የጀንፈሉን ዋጋ በሁለት አባዝተው የመቀሽሪያውን ጨምረው ከንጹሑ ዋጋ ጋር ያወዳድሩ። ንጹሑን ፍሬ በጥርስዎ ይንከሱት፤ በደንብ የደረቀ አይጎደጉድም። ሲቆላም ክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ከ800 እስከ 850 ግራም የተቆላ ይወጣዋል ብለው ያስሉ። በጅምላ በፈረሱላ የሚገዙ ከሆነ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ያስታውሱ። በእጅ ሚዛንዎ ከፋፍለው መመዘን ይቻላል።

ቅቤ። ከአዲስ ሻጭ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይግዙ፤ አንጥረው የወጣውን ይመዝኑ፤ ከዚያ ደንበኛ ያድርጉ ወይም ይተዉ። ሙዝ ወይም ዱቄት የገባበት ከሆነ በድስቱ ሥር ይቀራል። የአትክልት ቅቤ ከተቀላቀለ ግን ይህ ዘዴ አያጋልጠውም፤ ለዚያ ያለዎት መከላከያ የታወቀ ደንበኛ ብቻ ነው።

ማር። በውኃ ጠብ ማድረግ፣ ክብሪት መለኮስ፣ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ፣ ሁሉም የሚወራላቸውን ያህል አያስተማምኑም። የረጋ ማር ሐሰተኛ ነው ማለትም ስህተት ነው፤ ንጹሕ ማር ይረጋል። ሁልጊዜ ከአንድ ከታወቀ ሰው መግዛት ይሻላል።

ከሰል። ማዳበሪያው አፉ ላይ በሣር ከተሸፈነ ሣሩን አንስተው ይዩ፤ ሥሩን በእግርዎ ጫን ሲያደርጉት ከሰመጠ ብናኝ ነው።

6. የታሸገ ዕቃ ሲገዙ ግራሙን ይካፈሉ

እሽጉ ትልቅ መሆኑ አያታልዎ፤ የተጣራ ክብደቱን ያንብቡ። ስሌቱ ይህ ነው፦ ዋጋውን ለግራሙ ያካፍሉ፣ በ1000 ያባዙ። ለምሳሌ 900 ግራም ሳሙና በ180 ብር ከተሸጠ ኪሎው 200 ብር ነው። ጎኑ ያለው 450 ግራም በ95 ብር ርካሽ ይመስላል፤ ኪሎው ግን 211 ብር ይሆናል።

ዘይት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል አንድ ሊትሩ 920 ግራም ያህል ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከነዘይቱ ቢመዝኑት ዘይቱ 4 ኪሎ ከ600 ያህል ነው እንጂ 5 ኪሎ አይደለም። ስለዚህ «አምስት ኪሎ ዘይት» እና «አምስት ሊትር ዘይት» አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ አባል ከሆኑ ዘይትና ስኳርን መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ሲያነቡ የአቆጣጠሩን ዓይነት ይለዩ። በአገር ውስጥ የተመረተም ከውጭ የመጣም ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በእኛ አቆጣጠር አንብበው ገና ሰባት ዓመት የቀረው እንዳይመስልዎ።

7. ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ያስቀምጡ

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲባሉ የ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ልዩነት ያጓጓል። ለሽንኩርት ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም። ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለስልክና ለፍሪጅ ግን ያለ ደረሰኝ ያተረፉት ገንዘብ ዕቃው በሳምንቱ ሲበላሽ ተመልሶ ከኪስዎ ይወጣል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ። ማስረጃው ደረሰኙ ነው። ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ መለጠፉ ጉድለት ላለበት ዕቃ አዋጁን አይሽርም። ቀለሙን ስላልወደዱት ግን መመለስ አይችሉም።

ይኸው አዋጅ ነጋዴው ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። ዕቃውን ስላገላበጡ ወይም ዋጋ ስለተከራከሩ ብቻ ለመግዛት እንዳይገደዱም ይጠብቅዎታል።

ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ የዕቃው ስምና የነጋዴው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መኖሩን ይዩና ወዲያው ፎቶግራፍ ያንሱት። የማሽን ደረሰኝ ቀለም ይደበዝዛል፤ ክረምቱን ሳይሻገር ነጭ ወረቀት ይሆናል።

8. ዱቤ ከወሰዱ ሁለት ደብተር ይኑር

ዱቤ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው በአንድ ወገን ብቻ የሚጻፍ ዱቤ ነው። እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ኪሎ ስኳር አመጣ፤ ባለሱቁ በልጁ ስም ጻፈው። ማታ እኔ ሳልፍ «ስኳሩን ልጻፈው?» አለኝ፣ «አዎ» አልኩት፤ በእኔም ስም ተጻፈ። ወር ሲሞላ አራት ኪሎ ሆኖ መጣ። ሁለታችንም አልዋሸንም፣ ሁለታችንም ማስረጃ አልነበረንም፤ እኔ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ የእኛ ደብተር ከልጁ ጋር ይሄዳል። ባለሱቁ በራሱ ደብተር ሲጽፍ በእኛም ላይ ቀኑን፣ ዕቃውን፣ መጠኑንና የአንዱን ዋጋ ይጽፍና ይፈርማል። እሑድ እሑድ ሁለቱን ደብተር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እንደምራለን። በወር መጨረሻ ብቻ ቢደመር ስህተቱን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በዱቤ የሚሸጥበት ዋጋ ከእጅ በእጁ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነም ልዩነቱ በዚያው ደብተር ላይ ይታያል።

9. በስልክ ሲከፍሉ ስሙን ያንብቡ

ቁጥሩን ካስገቡ በኋላ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ሳያነቡ አያጽድቁ፤ አንድ አኃዝ ቢስቱ ገንዘቡ ለማያውቁት ሰው ይሄዳል። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ 10 ብር ልከው ደረሰ ወይ ብለው ይጠይቁ።

«በስህተት 3000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ሲደውል አጭር መልእክቱን አይመኑ፤ ቀሪ ሂሳብዎን ራስዎ ይዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ማንም የሚተይበው ነው። ቀሪ ሂሳብዎ በእርግጥ ከጨመረም እንኳ በራስዎ እጅ አይመልሱ፤ ወደ 127 ደውለው እነርሱ እንዲያስተካክሉት ያድርጉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951 ይደውሉ። ሁለቱንም ቁጥሮች ዛሬውኑ በስልክዎ ይመዝግቡ፤ አታላይ በላከልዎ መልእክት ውስጥ ባለው ቁጥር አይደውሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የምስጢር ቁጥርዎን የሚጠይቅ የባንክም የቴሌም ሠራተኛ የለም። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የተላከልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚለውን ስልክ መልስ ሳይሰጡ ይዝጉት። ለገበያ እንዲመቻቸው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ለልጅ የሚሰጡም አሉ፤ እባክዎ ይተዉ።

10. ጎድሎ ከተገኘ

ቤት ደርሰው ከመዘኑ በኋላ ዕቃውን አይክፈቱት፣ አይቀላቅሉት። ሚዛኑ ላይ እንዳለ ፎቶግራፍ አንስተው በዚያው ቀን ወደ ሻጩ ይመለሱ። ብዙው እዚሁ ያልቃል። እምቢ ካለ የሱቁን አድራሻ፣ ቀኑን፣ የከፈሉትን ገንዘብና የጎደለውን መጠን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ደረሰኙን አያይዘው ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከበር አይዘልም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያድርጉና በእርስዎ ቅጂ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት።

የተለመዱ ስህተቶች

- ዘንቢሉን ከነቅጠሉና ከነአፈሩ መመዘን። የጎመን ግንድና የካሮት አፈር በኪሎው ውስጥ ይገባሉ፤ አራግፈው ያስመዝኑ።
- ባዶ ሆድን ይዞ ገበያ መውጣት። ከዝርዝሩ ውጪ የሚገዛው አብዛኛው ነገር የሚበላ ነው።
- ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ ሲጨልም መግዛት። ዋጋው ይቀንሳል፤ የተጨፈለቀውና የሻገተው ግን አይታይም።
- መልስ ሳይቆጥሩ መሄድ። በተለይ ባለ 200 ብር ኖት ሲሰጡ ስንት እንደሰጡ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ መልሱ እስኪመጣ ኖቱ ከዓይንዎ አይራቅ።
- ዋጋን መመዝገብ፣ ክብደትን አለመመዝገብ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ካልኖሩ በሚቀጥለው ወር ማወዳደር አይቻልም።
- የእጅ ሚዛኑን ገዝቶ ቤት ረስቶ መውጣት። እኔ ከዘንቢሉ እጀታ ጋር በሲባጎ አስሬዋለሁ።